ጠባሳው የማን ልጅ ነው?

«ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ተረት በአንድ ትንፋሽ ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው የማንኛውም ነገር ባሕርይ የሚገኘው ከወጣበት ዘር ነው የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ያንን ባሕርይ ምክርም ቅጣትም አይመልሰውም የሚል። ስለ ሰው ሲነገር ይህን አባባል ረጋ ብሎ መመርመር ያስቸግራል። ተከራካሪዎቹ ራሳቸው ዘር ስላላቸው ክርክሩ ቶሎ ወደ ቂም ወይም ወደ ኩራት ይዞራል። ሥሩ ግን የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ ነው፦ አንድ ነገር ከየት እንደመጣ ማወቅ ምን እንደሆነ ማወቅ ነውን? ማንም ሳይቀየም ይህን የምንፈትንበት ቦታ ቢፈለግ ጉበትን የሚያህል ያለ አይመስለኝም። የጉበት ጠባሳ የሚሠሩት ሕዋሳት ምን እንደሆኑና በፅንሱ ውስጥ ከየትኛው ወገን እንደተነሡ ለማወቅ ሳይንቲስቶች ከመቶ ዓመት በላይ ደክመዋል። በዚህ ድካም ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ተሠርተው ታርመዋል። አንዱ መልክን አይቶ ዘርን መገመት ነበር፤ ሌላው ዘርን አይቶ ግብርን መገመት። የእኔ ክርክር ሁለቱም መንገዶች ዝግ ናቸው የሚል ነው። ዘር አንድ ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል ይወስናል፤ ምን እንደሆነና ለሠራው ነገር ተጠያቂው ማን እንደሆነ ግን አይናገርም።

ነገሩን ከቅርብ እንየው። ጉበት ከብዙ የውስጥ አካላት ይልቅ ቁስልን ይችላል። ቫይረስ፣ አልኮል፣ የስብ ክምችት ወይም የቢልሃርዚያ ትል እንቁላል ሲያቆስለው የሞቱትን ሕዋሳት በአዲስ ይተካል፤ የተጎዳውንም ቦታ ኮላጅን በተባለ ጠንካራ የፕሮቲን ክር ይደግፋል። ቁስሉ ቶሎ ካበቃ ክሩ ይሟሟል። ዓመታት ከቀጠለ ግን ክር በክር ላይ ይከማቻል፣ ጉበቱ ይጠጥራል፣ ደም እንደልቡ ማለፍ ያቅተዋል፤ የዚህ መጨረሻ ሲሮሲስ ነው። ክሩን በዋናነት የሚያመርቱት ኮከባዊ ሕዋሳት ይባላሉ። በደህናው ጊዜ በቀጭኖቹ የደም መተላለፊያዎችና በጉበቱ ዋና ሕዋሳት መካከል ባለች ጠባብ ክፍተት ውስጥ እጃቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ሆዳቸው በስብ ጠብታዎች የተሞላ ነው፤ ጉበት ከሚያከማቸው ቫይታሚን ኤ አብዛኛው ያለው በእነዚህ ጠብታዎች ውስጥ ነው። አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲበራባቸው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀለም ይሰጣሉ፤ ቀለሙም ወዲያው ይደበዝዛል። ጉበቱ ሲቆስል ጠብታዎቻቸውን ያጣሉ፣ እንደ ጡንቻ የሚኮማተር ክር ያበጃሉ፣ ኮላጅን ማውጣት ይጀምራሉ። ትናንት ቫይታሚን ጠባቂ የነበረው ሕዋስ ዛሬ ጠባሳ ሠሪ ይሆናል።

የእነዚህ ሕዋሳት ታሪክ የተጀመረው በመሳሳት ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1876 ካርል ቮን ኩፕፈር የተባለ ጀርመናዊ የአካል ሊቅ በጉበት ውስጥ ነርቮችን ሲፈልግ፣ በወርቅ ክሎራይድ ባቀለመው ቁራጭ ላይ ነርቭ ሳይሆን ኮከብ የሚመስሉ ሕዋሳት አየ። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ራሱ ኩፕፈር ባዕድ ነገር ከሚውጡት ሌሎች ሕዋሳት ጋር ቀላቀላቸው፤ ስሙም እስከ ዛሬ የቀረው በእነዚያ ላይ ነው። በ1951 ጃፓናዊው ቶሺዮ ኢቶ ስብ የሚያከማቹ ሕዋሳት አገኘሁ አለ። በ1971 የአገሩ ልጅ ኬንጂሮ ዋኬ የኩፕፈር ኮከቦችና የኢቶ ስብ አከማቾች አንድ መሆናቸውን አሳየ። ከዚያ ወዲህ የሞለኪውል ምርምር ሲስፋፋ የሚያስገርም ነገር ተገኘ። እነዚህ የጉበት ሕዋሳት ጂ.ኤፍ.ኤ.ፒ. የተባለውን የአንጎል ደጋፊ ሕዋሳት መለያ ፕሮቲን ይይዛሉ። ኔስቲን አላቸው፣ ሲናፕቶፊዚንም አላቸው፤ ሁለቱም በነርቭ ሥርዓት የታወቁ ናቸው። ከዚህ ተነሥተው ብዙ ተመራማሪዎች ሕዋሳቱ የነርቭ ዘር መሆን አለባቸው አሉ። ኒውራል ክሬስት የሚባል በፅንሱ ጀርባ በኩል ከነርቭ ቱቦ ጫፍ ተነሥቶ ወደ መላ አካል የሚሰደድ የሕዋስ ጭፍራ አለ፤ ኮከባዊዎቹም ከዚያ ወጥተው ጉበት ገብተዋል ተባለ። መላምቱ የሚያምር ነበር። ኩፕፈር ነርቭ ሲፈልግ ያገኛቸው ሕዋሳት በመጨረሻ የነርቭ ዘመድ ሆነው ሲገኙ ማን ይጠላል?

መልክ ግን ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ዘርን በእርግጥ ለማወቅ ሕዋሱን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ምልክት አድርጎ መከተል ያስፈልጋል። የዚህን ዘዴ በር ከከፈቱት አንዷ ፈረንሳዊቷ ኒኮል ለ ዱዋራን ነበረች። በ1960ዎቹ መጨረሻ የድርጭት ፅንስ ሕዋሳትን ወደ ዶሮ ፅንስ አዛወረች። የድርጭት ሕዋስ እምብርቱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከዶሮው ስለሚለይ፣ እያንዳንዱ ስደተኛ የት እንደደረሰ ማየት ይቻል ነበር። በኋላ ደግሞ በአይጦች ላይ አንድን የሕዋስ ወገን ከነልጅ ልጁ በዘረመል ምልክት ለዘለቄታው ማቅለም ተቻለ። በ2006 የኒውራል ክሬስትን ዘር በዚህ መንገድ የተከተሉ ተመራማሪዎች ጉበት ውስጥ ሲመለከቱ ከኮከባዊዎቹ ምልክቱ ያለበት አላገኙም። በ2009 እና በ2011 ደግሞ ኪንጂ አሳሂናና ባልደረቦቹ እውነተኛውን መነሻ አሳዩ፦ ከፅንሱ ሦስት ንጣፎች የመሃለኛው ነው። በልብና በአንጀት መካከል ያለው ሴፕተም ትራንስቨርሰም የተባለ ለስላሳ ክፍልፍልና ከእሱ የሚወጣው የጉበት የላይ ሽፋን ኮከባዊ ሕዋሳትን ይወልዳሉ። ከዚያው ክፍልፍል የድያፍራም አንድ ክፍልም ይሠራል። ስለዚህ የጉበት ጠባሳ ሠሪ የቅርብ ዘመዱ አንጎል ሳይሆን የምንተነፍስበት ጡንቻ አካባቢ ነው። የነርቭ ፕሮቲኖቹስ? ፕሮቲን የዘር መዝገብ አይደለም። የሥራ ዕቃ ነው፤ ሥራው በሚያስፈልግበት ቦታ ሁሉ፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ ይወጣል።

የዚህ ተቃራኒም አለ፤ እሱ ደግሞ ዘርን የሚመለከተው ሥርዓት ራሱ ምን ያህል ግትር እንደነበር ያሳያል። ሃይንዝ ክርስቲያን ፓንደር በ1817 የጫጩትን ፅንስ ንጣፎች ከገለጸ በኋላ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የንጣፎቹ ሕግ እንደ ቀኖና ተያዘ፦ ቆዳና ነርቭ ከውጭኛው፣ አጥንትና ጡንቻ ከመሃለኛው፣ የአንጀት ገጽና ጉበት ከውስጠኛው ንጣፍ። በ1893 አሜሪካዊቷ ጁሊያ ፕላት በአንድ የእንቁራሪት ዘመድ ፅንስ ላይ የመንጋጋ ልመ አጥንት ከውጭኛው ንጣፍ ሲወጣ አየሁ አለች። ልመ አጥንት ከመሃለኛው ንጣፍ መውጣት «ነበረበት»ና የሰማት ጥቂት ነው፤ ትክክል መሆኗ እስኪታመን ዐሥርት ዓመታት አለፉ። ፕላት በዩኒቨርሲቲ ቦታ ስላላገኘች ሳይንሱን ትታ በ1931 በካሊፎርኒያ የፓሲፊክ ግሮቭ ከተማ ከንቲባ ሆነች። ከተማዋ ተጠቀመች፤ ሳይንሱ ግን የከሰረ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስሕተት ልለፍ፤ ዘርን አይቶ ግብርን ወደ መገመት። የጉበት ዋና ሕዋሳት ከውስጠኛው ንጣፍ እንደሚወጡ እርግጥ ነው። ታዲያ ጉበት ጉበት የሆነው ከዚያ ንጣፍ ስለወጣ ነው? በ1999 ከኬኔት ዛሬት ላቦራቶሪ የወጣ የአይጥ ሥራ በመፈጠር ላይ ያለው ልብ የሚያመነጨው መልእክት ይህን ንጣፍ ወደ ጉበትነት እንደሚያስገባው አሳየ። በ2001 ከዚያው ላቦራቶሪ የወጣው ሁለተኛ ሥራ የበለጠ ያስደንቃል። ያንኑ የውስጠኛ ንጣፍ ቁራጭ ከልብ ጎረቤትነት ለይተው ሲያሳድጉት ጉበት አልሆነም፤ ስኳርን የሚቆጣጠረው ቆሽት የመሆን መንገድ ያዘ። ዘሩ አንድ፣ ንጣፉ አንድ፣ ሰዓቱም አንድ ነው፤ የተለየው ጎረቤቱ ብቻ ነው። በዚያው 2001 የወጣ ሌላ ሥራ ደግሞ የደም ሥር ሕዋሳት የሌሉት የአይጥ ፅንስ የጉበት ቡቃያ ተጀምሮ ማደግ እንደሚያቅተው አሳየ። በዚህ ላይ ጉበት አንድ አባት የለውም። ዋናዎቹ ሕዋሳት ከውስጠኛው ንጣፍ፣ ኮከባዊዎቹ ከመሃለኛው፣ የኩፕፈርን ስም የወረሱት ዋጮች ደግሞ በመጀመሪያ ከፅንሱ ውጭ ካለው የአስኳል ከረጢት የመጡ ናቸው። «የጉበት ዘር» ብሎ በነጠላ መናገር ራሱ የተሳሳተ ጥያቄ ነው፤ ጉበት የጎረቤታሞች ስምምነት እንጂ የአንድ ቤት ተወላጅ አይደለም።

ጠባሳውም እንዲሁ ነው። ጤነኛ ኮከባዊ ሕዋስ ከአይጥ ጉበት ተወስዶ በተራ ጠንካራ የፕላስቲክ ሳህን ላይ ቢቀመጥ፣ ማንም ሳይነካው፣ በቀናት ውስጥ ቫይታሚኑን ጥሎ ኮላጅን ማምረት ይጀምራል። እንደ ጤነኛ ጉበት በለሰለሰ ጄል ላይ ሲቀመጥ ግን ዝም ብሎ የመቆየት አዝማሚያው ይበልጣል። ጥንካሬው ራሱ ትእዛዝ ነው። የሚያስከፋውም እዚህ ላይ ነው፦ ጠባሳ ጉበቱን ያጠጥራል፣ የጠጠረው ጉበት ደግሞ ተጨማሪ ሕዋሳትን ለጠባሳ ያስነሣል። ያው ሕዋስ በሌላ ጊዜ ለተጎዳ ጉበት ማገገም የሚረዱ የእድገት ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል። ጠባቂውና ጠባሳ ሠሪው ከአንድ ማኅፀን የወጡ መንታዎች እንኳ አይደሉም፤ አንድ ራሱ ናቸው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። በ2013 የታተመ የአይጥ ጥናት ጠባሳ ከሚሠሩት ሕዋሳት ከ82 እስከ 96 በመቶ የሚሆኑት፣ መርዝም ይሁን የሐሞት መታገድ ወይም የስብ ክምችት ያመጣው፣ ከኮከባዊዎቹ የተገኙ መሆናቸውን አሳይቷል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ፣ ጥፋቱ በአንድ ወገን ላይ ተረጋገጠ አይደለም ወይ? መልሴ ይህ ነው፦ ማን እንደሠራው ተረጋገጠ፤ ለምን እንደሠራው አልተነገረም። ሠሪው ራሱ ደግሞ እንደ ቁስሉ ይለዋወጣል። በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት የሐሞት ቱቦ በታሰረባቸው አይጦች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብልጫውን የያዙት በሐሞት ቱቦው ዙሪያ ያሉ ሌሎች ሕዋሳት መሆናቸውን አገኘ። ከዚያ ቀደም በ2007 የጉበቱ ዋና ሕዋሳት ራሳቸው መልካቸውን ቀይረው ጠባሳ ይሠራሉ ተብሎ ነበር፤ በ2010 የዘር ክትትል ያንን አፈረሰው። የክሱ መዝገብ ላይ የተከሳሹ ስም ሲቀያየር፣ ያልተቀየረው አንድ ነገር ቁስሉ ነው። ሁሉም ጥናቶች የጀመሩት ጉበቱን በማቁሰል ነውና።

ለዚህ የአገራችን ምሳሌ ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ በብዙ የሐይቅና የወንዝ ዳርቻ የሚገኘው የአንጀት ቢልሃርዚያ ትል እንቁላሎቹ በደም ተወስደው በጉበቱ ውስጥ ባሉ የደም ሥሮች ጫፍ ላይ ይሰነቀራሉ። በየእንቁላሉ ዙሪያ ጠባሳ ይሠራል። ጠባሳው በደም ሥሩ ዙሪያ እንደ ቧንቧ ይወፍራል፤ ይህንም ሲመርስ የተባለ ሐኪም በ1904 ገልጾታል። አሁን ማነው ጥፋተኛው? ኮላጅን ያወጣው ሕዋስ? እንቁላሉ? ትሉን ያሳደገው ቀንድ አውጣ? በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ ላይ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ አየ። የእንዶድ ምርምሩን የጀመረው ከዚያ ነበር፤ ከጉበቱ ሳይሆን ከወንዙ። የጠባሳውን መነሻ በሕዋስ ዘር ውስጥ ብቻ የሚፈልግ ሰው ይህን ወንዝ ሳያይ ያልፋል።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ተቃውሞ አለ። ዘር ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በሕዋሱ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚሠራ የዘረመል ቅንብር ሆኖ ይኖራል ይባላል። እውነት ነው። ኮከባዊዎቹ ከመሃለኛው ንጣፍ ይዘዋቸው የመጡ ጂን መቆጣጠሪያዎች አሏቸው። ማስረጃው ግን ወዴት እንደሚመራ እንይ። በ2004 ኤል.ኤች.ኤክስ.2 የተባለው መቆጣጠሪያ የሌላቸው የአይጥ ፅንሶች፣ ምንም ሳያቆስላቸው፣ ጉበታቸው ጠባሳ ሞላው። በ2014 ደግሞ ጋታ4 በሴፕተም ትራንስቨርሰም ሕዋሳት ውስጥ ሲጠፋ ተመሳሳይ ነገር ታየ። እንግዲህ ከዘሩ የወረሰው ነገር ሕዋሱን ወደ ጠባሳ የሚስብ አልነበረም፤ ከጠባሳ የሚይዘው ልጓም ነበር። ተረቱ ዘርን ከልጓም ጋር ያፋለማል፤ እዚህ ግን ዘሩ ራሱ ልጓሙን ይዞ መጥቷል። ከዚህም በላይ፣ ውርስ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ ስጦታ አይደለም። መቆጣጠሪያው ከጠፋ ማንነቱ ይፈርሳል። ሕዋሱ የሆነውን ሆኖ የሚቆየው በየቀኑ ሲጠብቀው ነው።

እንዲህ ከሆነ የዘር ምርምሩ ከንቱ ነበር የሚል ካለ፣ አይደለም። መድኃኒት የት ላይ እንደሚያነጣጥር ያወቅነው በዚያ ነው። ከንቱ የሆነው ከምርምሩ የማይወጣውን ፍርድ ከምርምሩ ማውጣት ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ በእኔ ላይ የሚሰነዘረው ነው፦ ሕዋስ ሰው አይደለምና ከጉበት ወደ ሥነ ምግባር መዝለል ነውር ነው። እስማማለሁ። ሕዋስ አያፍርም፣ አያስብም፣ ቃል አይገባም። እኔ ግን ከጉበት የሥነ ምግባር ሕግ አላወጣሁም፤ የፈተንኩት አንድ የአስተሳሰብ መንገድ ነው። «ዘሩ እንዲህ ነውና ግብሩ እንዲህ ነው» የሚል ሰው ተፈጥሮን በምስክርነት ይጠራል። የጠራው ምስክር ሲጠየቅ ሌላ ከመሰከረ፣ ያ ሰው ወይ ምስክሩን ይተው፣ ወይ ክሱን። ሃይማኖትም ይህን ክስ ቀድሞ ሰምቶታል። ትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18 ልጆች በአባቶቻቸው ጥፋት ይቀጣሉ የሚለውን የሕዝብ ተረት በቀጥታ ይሽራል፤ እያንዳንዱ ነፍስ በራሷ ሥራ ትጠየቃለች ይላል። ምዕራፉ በዚያ አያቆምም። የሰውየው የራሱ ያለፈ ሕይወት እንኳ ሊሻር ይችላል፤ ክፉው ከክፋቱ ቢመለስ ያለፈው አይታሰብበትም ይላል። በዚህ ሁለተኛ ነጥብ ላይ ነው ጉበት ከነቢዩ የሚለየው።

ጠባሳ መመለሱ አሁን አያጠራጥርም። በ2013 በታተመ ጥናት ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸው 348 ሰዎች ቴኖፎቪር ከጀመሩ ከ5 ዓመት በኋላ ከጉበታቸው ቁራጭ ተወስዶ እንደገና ተመረመረ። ሲጀምሩ ሲሮሲስ ከነበረባቸው 96 ሰዎች መካከል 71ዱ ሲሮሲሱ ለቋቸው ተገኙ። ሄፓታይተስ ቢ ብዙ ሰው በሚይዝበት እንደኛ ባለ አገር ይህ ቁጥር ተራ አይደለም። የሕዋሶቹ ዘር አልተቀየረም፤ የተቀየረው ቫይረሱ ዝም ማለቱ ነው። ነገር ግን በ2012 በአይጦች ላይ የተሠራ ሥራ ቁስሉ ሲቆም ጠባሳ ሠሪዎቹ በግማሽ ገደማ እንደሚሞቱ፣ የቀሩትም ወደ ቀድሞ እርጋታቸው እንደሚመለሱ ካሳየ በኋላ አንድ ነገር ጨመረ፦ የተመለሱት በትክክል እንደ ድሮው አይደሉም፤ ዳግም ቢቆስሉ ቁስል ከማያውቁት ሕዋሳት ፈጥነው ይነሣሉ። ያለፈው በእነሱ ላይ ይታሰብባቸዋል። ይህን የሚያስታውሰው ግን በፅንስ የተቀበሉት ዘር አይደለም። ተወልደው ካደጉ በኋላ የደረሰባቸው ነገር ነው፤ ዘርና ታሪክ የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። ሐኪሞችም ይህን በሌላ መንገድ ያውቁታል፦ ሲሮሲስ ኖሮበት ከሄፓታይተስ ሲ በመድኃኒት የዳነ ሰው ቫይረሱ ከደሙ ከጠፋ በኋላም ለካንሰር ጥንቃቄ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ እንዲነሣ ይታዘዛል። በመዝገቡ ላይ የሚጠየቀው ወላጆቹ እነማን እንደነበሩ ሳይሆን ጉበቱ ምን እንዳሳለፈ ነው።